የክትና የዘወትር

ጋሽ ዘውገ መሞታቸውን የነገረኝ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከባሌ ስንዴ ጭኖ አዲስ አበባ ገብቶ፣ እህል በረንዳ ጥግ ጎማ ሲያስለጥፍ አገኘሁትና የጎባን ሰው በየስሙ እየጠራሁ ስጠይቀው፣ "ያ ቆሎ በማንኪያ የሚበላው የመዝገብ ቤት ሰውዬ? ሞተ እኮ! ጊኒር ላይ። ሳንባውን ነው አሉ" ብሎኝ ወደ ጎማው ተመለሰ።

ደነገጥሁ። ከድንጋጤው ቀጥሎ የመጣብኝ ጥያቄ ግን ለቅሶ የት ልድረስ የሚል ነበር። ጋሽ ዘውገ የቡልጋ ሰው ናቸው፤ ባሌ የገቡት በመንግሥት ሥራ ነው። እዚያ ወንድም እኅት፣ ሚስት ልጅ አልነበራቸውም። ፍራሽ ካልተነጠፈ፣ "እግዜር ያጥናችሁ" የሚባል ሰው ከሌለ ለቅሶ እንዴት ይደረሳል? እኔ ደግሞ ከማንም ቀድሜ መድረስ የነበረብኝ ሰው ነኝ። የበደልኋቸውን በደል "ይቅር በሉኝ" ሳልላቸው አራት ዓመት አሳልፌያለሁ።

ከዲንሾ ተነሥቼ ጎባ የገባሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ፣ ስኳር የተጠቀለለበትን ሳይቀር፣ አነብ ነበር። ግጥም የጀመርሁትም ያኔ ነው። የተከራየሁት ክፍል ከጋሽ ዘውገ ክፍል ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ ይዋሰናል። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሣ እሳቸው ሲያነጥሱ እኔ ከዚህ "ይማርዎ" እላለሁ፤ እሳቸው ከዚያ "ያኑርህ" ይላሉ።

በመጀመሪያው እሑድ "ጎረቤት፣ ምሳ እንብላ" ብለው ጠሩኝ። ስገባ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው ቆመዋል። የሻይ ሣጥን ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል፤ ጨርቁ ላይ ሁለት ሳህን፣ ሁለት ማንኪያ። መሐል ላይ አንድ ጣሳ ውስጥ የሜዳ አበባ። ግብዣው ትልቅ ነው ብዬ ስጠብቅ የቀረበው የገብስ ገንፎ ሆነ።

"ጋሽ ዘውገ፣ ለገንፎ ነው ኮት የለበሱት?"

"ከሰው ጋር ሲበላማ ማንም ይለብሳል" አሉ መሐረባቸውን ጉልበታቸው ላይ እየዘረጉ። "ሰው ኮት መልበስ ያለበት ብቻውን ሲበላ ነው። እኔ ሁልጊዜም እለብሳለሁ። ዛሬ አንተ መጣህበት እንጂ።"

ጨርቁን በጣቴ ዳሰስሁት። አዩኝ።

"የዱቄት ከረጢት ነው" አሉ። "በአመድ ስድስት ጊዜ ቀቀልሁት። ጽሑፉ መልቀቅ አልፈለገም ነበር፤ እኔ ደግሞ እምቢ አልሁት።"

የቆሎውም ነገር እውነት ነው። በማንኪያ ነበር የሚበሉት። "በእጅ ሲበሉት ያልቃል" ይሉ ነበር።

ጋሽ ዘውገ ጎባ ከመምጣታቸው በፊት አዲስ አበባ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረዋል። እኔ አዲስ አበባ የመሄድ ምኞት ይዞኝ አላስቀምጥ ስለሚለኝ፣ ማታ ማታ ሥራ ስንለቅ ከጎባ ገበያ እስከ ቤታችን እየተራመድን ያስተምሩኝ ነበር።

"ቤት የት ነው የምትከራየው?"

"ያገኘሁበት።"

"አይደለም። ከዳቦ ቤት ጀርባ። ግድግዳው ሌሊቱን ሙሉ በነፃ ይሞቅልሃል። አይጥ ይኖራል፤ አይጥ ደግሞ የትም አለ። ሥራህ የት ነው?"

"እኔ ምን አውቄ ጋሽ ዘውገ!"

"የትም ይሁን፣ ቁልቁለቱን በእግርህ፣ ዳገቱን በአውቶቡስ። ላብ የነካው ሸሚዝ ቶሎ ያረጃል። ጋዜጣስ?"

"እገዛለሁ።"

"ተሳሳትህ። ጠጉር አስተካካይ ወዳጅ ይኑርህ፤ እዚያ ሁሉም ጋዜጣ አለ፣ ወሬውም አለ። ግብዣ ስትጠራ ደግሞ በልተህ ሂድ። 'በቃኝ' የሚል ሰው ጨዋ ይመስላል። ሱሪህን አታስተኩስ፤ ፍራሽህ ሥር አድርገህ ተኛበት። ስትተኛ ግን አትገላበጥ።"

"ሕልም ባይስ?"

"ቀጥ ብለህ አልም።"

ይህን ሁሉ ሲናገሩ አይስቁም ነበር። አንድ ቀን ብቻ ቆም ብለው እንዲህ አሉኝ፤ "ትልቅ ከተማ ድሀውን የሚጥለው በረሃብ እንዳይመስልህ። በእፍረት ነው። ያፈረ ሰው ከአቅሙ በላይ ያወጣል፣ ከዚያ ይወድቃል። ማጣት ሌላ፣ ማነስ ሌላ። አጥተህ አትነስ።"

ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደማስታውሰው አልናገርም። እሳቸው ራሳቸው ሳይጠብቁት የቀሩት ይህንኑ ነበርና።

አሁን ወደ ኮቱ ልምጣ። ጋሽ ዘውገ ለዓመታት የሚታወቁት አመድማ በሆነ ኮት ነበር፤ ፀሐይ ትከሻውን በልቶት ነጥቷል። በአንዱ ክረምት መግቢያ ግን ጥቁር ሰማያዊ ኮት ለብሰው ብቅ አሉ። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ "እንኳን አጠለቀዎት" አላቸው፤ እሳቸውም አንገታቸውን ዝቅ አድርገው "ያጥልቅልኝ" አሉ። ሰው ሁሉ አዲሱን የክት፣ አመድማውን የዘወትር አድርጎ ቆጠረው። አመድማው ዳግመኛ አለመታየቱን ማንም ልብ አላለም። እኔ ግን ዓይኔ መጥፎ ነው። የደረት ኪሱ በስተቀኝ እንደሆነ አየሁ። የቁልፉም ቀዳዳ ቦታውን ለውጧል። ልብስ ሰፊው አሮጌውን ኮት ፈትቶ፣ ፀሐይ ያላየውን ውስጡን ወደ ውጪ ገልብጦ ሰፍቶታል። ኪሱን ግን ወደ ግራ ሊመልሰው አይችልም። ጋሽ ዘውገ በዚያ ኪስ ላይ ነጭ መሐረብ አድርገውበት ነበር፤ ከቦታው ይልቅ መሐረቡ እንዲታይ።

አየሁና ዝም አልሁ። ያኔ ዝም ማለቴ ጥሩ ሥራ መስሎኝ ነበር። ለካስ ለሌላ ቀን አስቀምጬው ነው።

በዚያው ወራት ጋሽ ዘውገ ሮቤ ገበያ መመላለስ አበዙ። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄድሁ። እህል የሚገዙት ገበያው ሊበተን ሲል ነው፤ ያኔ ሻጭ እህሉን ተሸክሞ ከመመለስ ርካሽ ይሸጣል። ከአንዲት ገብስ ከምትሸጥ ሴት ፊት ቆመው አንዲት ፍሬ አነሡና ቆረጠሙ። ሌላ አነሡና ቆረጠሙ።

"ጌታዬ፣ ሊገዙ ነው ወይስ ምሳዎ ነው?" አሏቸው ሴትዮዋ።

"ምሳ ቢሆንማ ቁጭ ብዬ ነበር የምበላው፣ ወይዘሮ።"

ሴትዮዋ ሳቁ። ወይዘሮ ጫልቱ ይባላሉ፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከወንድማቸው ከአቶ ደገፋ ጋር ሲናና በኩል የሚያርሱ ሴት ናቸው። ገብሱን ሰፍረው ሲያበቁ ለምራቂ አንድ ጭብጥ ጨመሩ፤ ጋሽ ዘውገ ኮፍያቸውን አነሡላቸው። ለምራቂ ኮፍያ የሚያነሣ ሰው በሮቤ ገበያ የታየው ያን ቀን ይመስለኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ምራቂው ሁለት ጭብጥ ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን በትንሽ ቅል ጭኮ ተላከላቸው፤ የገብስ በሶ በቅቤ የታሸ። ከረባት አስረው፣ ነጭ ጨርቃቸውን አንጥፈው፣ በማንኪያ በሉት። በግድግዳው በኩል ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ እሰማ ነበር። በጣም ቀስ ብለው ነበር የሚበሉት።

"ጎረቤት!" አሉኝ።

"አቤት ጋሽ ዘውገ።"

"ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሽማግሌ ቢልክ ይሳቅበታል?"

"ማን ይስቃል!" አልኋቸው።

ሽማግሌ ተላከ። የሚመሩት የመሥሪያ ቤታቸው ባልደረባ አቶ ተድላ ነበሩ። እንደ ወጉ በመጀመሪያው ቀን መልስ አልተሰጣቸውም። በሁለተኛው "ቤተ ዘመድ እንጠይቅና ከመስቀል በኋላ ተመለሱ" ተባሉ። ሦስተኛው ነው ቁርጡ። ጋሽ ዘውገ ያን ጊዜ ይዘምሩ ጀመር፤ ድምፃቸው መጥፎ ነበር።

መስቀል ሳይደርስ እንቁጣጣሽ መጣ። የመንግሥት ሠራተኛው በክበብ ምሳ አደረገ። በጉን ያቀረበው አቶ ደገፋ ስለነበር እሱም እንደ እኔ ተጋብዞ ተቀምጧል። ጠጅ ዞረ። ሰው "ያ ማመልከቻ ጸሐፊ ግጥም ይችላል፤ በየተራ ይበለን!" አለና ብድግ አደረጉኝ። ሾፌሩን ነካሁ፤ ሳቁ። ታይፒስቷን ነካሁ፤ ሳቁ። የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሹም ነካሁ፤ እሱ ራሱ ሳቀ። ሳቅ ጠጅ ነው፤ አንዴ ከቀመሱት እጅ ይዘረጋል። ዓይኔ ጋሽ ዘውገ ላይ አረፈ። ፈገግ ብለው ተራቸውን እየጠበቁ ነበር። እንደ ወዳጅነታችን ገንፎውን ወይም ቆሎውን አነሣለሁ ብለው ይሆናል። እኔም ቆሎውን ላነሣ ነበር። ግን ከቆሎው የሚበልጥ እንዳለኝ አውቅ ነበር።

*ሌላው ኮት ሊለውጥ ገበያ ይሮጣል፣*
*የኛ ጌታ ዘውገ ያንኑ ይገለብጣል።*

መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ አንዱ "ኪሱን! ኪሱን እዩ!" ብሎ ጮኸና ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ጎናቸው የተቀመጠው ሰውዬ የኮታቸውን ጫፍ ገልጦ ውስጡን አየ፤ "አመድማው! ይኸው አመድማው!" አለ። አቶ ደገፋ ጉልበቱን እየመታ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። አቶ ተድላ ብቻ አልሳቁም። ጋሽ ዘውገም ፈገግታቸውን አላጠፉም። ነጩን መሐረብ ከደረት ኪሳቸው አወጡ፤ በአራት አጠፉት፤ ሱሪ ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ እጃቸውን አንሥተው አጨበጨቡልኝ።

ስንወጣ አቶ ተድላ ክንዴን ያዙኝ።

"ደስ አለህ?" አሉኝ። "ደገፋ 'ሰውዬው ምን አለው?' ብሎ ሲጠይቀኝ 'የክትና የዘወትር ሁለት ኮት ያለው ሰው ነው' ብዬ በሽማግሌ አፌ መስክሬለት ነበር። እስከ ዛሬ እውነት መስሎኝ። ውሸታም አደረግኸኝ። እሱንም ውሸታም አደረግኸው።"

በማግሥቱ ጠዋት ከግድግዳው ወዲያ ጠሩኝ።

"ተነሣህ?"

"አዎ፣ ጋሽ ዘውገ።"

"ግጥሙ ጥሩ ነው። ቤቱ ይመታል። ልኩም አልተዛነፈም። ሰው ፊት ከማለትህ በፊት ግን ለራስህ ደጋግመህ በለው። በሦስተኛው ይጎረብጥሃል። ካልጎረበጠህ በለው።"

ይቅርታ የምልበት ቦታ እዚያ ነበር። በመካከላችን ያለው አንድ ስንዝር ጭቃ ነው። "እሺ" አልሁ።

ከዚያን ቀን በኋላ ኮቱን አልለበሱትም። የጎባን ኅዳርና ታኅሣሥ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ የሚያድረው አመዳይ ነጭ ነው። እሳቸው በአንድ ሹራብ ቢሮ ይገቡ ነበር። "ኮቱስ?" ብላቸው "አርፏል" አሉኝ። እሑድም ለምሳ አልጠሩኝም፤ ማንኪያውም አይሰማም። መስቀል አለፈ፣ ከሮቤም ወሬ ጠፋ። ደገፋ ስቆ ስቆ እምቢ አለ ብለን ሁላችንም ደመደምን። እኔም በልቤ ደገፋን ረገምሁት፤ ሌላ የሚረገም ሰው እንዳይመጣብኝ።

ከጥር በኋላ ወደ ጊኒር ተዛወሩ። ራሳቸው ጠይቀው ነው። ዕቃቸውን መኪና ላይ ሳወጣላቸው "ለምን ጊኒር?" አልኋቸው።

"ሞቃት ነው" አሉ። "ኮት አያሻም።"

እኔ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ የኖርሁት በእሳቸው ትምህርት ነው። ከዳቦ ቤት ጀርባ ተከራየሁ፤ ግድግዳው እንዳሉት ይሞቃል። ቁልቁለቱን በእግሬ እወርዳለሁ። ጋዜጣ የማነበው ጠጉር ቤት ነው። ሥራ ይዤ፣ ደመወዝ ሳላገኝ የቆየሁበትም ጊዜ ነበር፤ ያን ጊዜ እንኳ የተራበ አልመሰልሁም። እነዚያን ሁሉ ቀናት ሳስብ ከአንድ ሰው አፍ የወጣ ጥበብ እየበላሁ እንደኖርሁ አውቃለሁ። ደብዳቤ ልጽፍላቸው ስንት ጊዜ ተቀመጥሁ። በግጥም ልጻፈው እያልሁ እቀድደዋለሁ። ይቅርታው ቤት እስኪመታልኝ ስጠብቅ አራት ዓመት አለፈ።

ሾፌሩ መርዶውን በነገረኝ በሳምንቱ አስፈቅጄ ወደ ባሌ ሄድሁ። ጎባ የድሮ ቤታችን አከራይ ወይዘሮ ደጅ ላይ አገኙኝ።

"ለጋሽ ዘውገ ነው የመጣሁት" አልኋቸው። "ግን የት እንደምደርስ አላውቅም።"

"ሮቤ ነዋ!" አሉ። "ጫልቱ ቤት። መርዶውን የሰማች ዕለት ፍራሽ አንጥፋ ተቀመጠች። ላላገባት ሰው! አገር ጉድ አለ።"

ሮቤ ስደርስ ፍራሹ ገና አልተነሣም። ወይዘሮ ጫልቱ ጥቁር ለብሰው ጥግ ተቀምጠዋል፤ አቶ ደገፋ በር ላይ ለምዱን ደርቦ ይቆማል፣ ይቀመጣል። ውጪ ካፊያ ነበር። "እግዜር ያጥናዎት" ብዬ ተቀመጥሁ። አቶ ደገፋ ትክ ብሎ አየኝ።

"ያ ጉርባ፣ ያ ልጅ! አንተ ገጣሚው አይደለህም?"

"ነኝ።"

"አሳቅኸኝ እኮ ያን ቀን!" ከልቡ ነበር የሚናገረው። "እንዴት ያለ ሰው ነው አልሁ። ኮቱን ገልብጦ አሥር ዓመት የሚያስኬድ! ይኼ የእኅቴን ጎተራ አያራቁትም አልሁ። ለእኛ ከዚህ ሌላ ምን ባል አለ?"

"አልተናደዱም ነበር?"

"በምን?" ትከሻው ላይ ያለውን ለምድ ያዝ አደረገ። ጠጉሩ ወደ ውስጥ ነበር። "ዝናብ ሲመጣ ገልብጠን አይደለም የምንለብሰው? የተገለበጠ የሚያሳፍረው ከተሜን ነው። እኔማ በማግሥቱ በግ አሰርሁ። የቁርጡ ቀን ጠላ ተጠምቆ፣ ቤት ተጠርጎ እስኪመሽ ጠበቅን። ሽማግሌዎቹ ቀሩ። በኋላ ስንሰማ ለካስ ራሱ ነው 'አትሂዱ' ያላቸው።"

መሬት መሬት አየሁ። ለቅሶ የመጡ ሁለት አሮጊቶች ተነሥተው ሲወጡ አቶ ደገፋም ሊሸኛቸው ወጣ። ወይዘሮ ጫልቱ ያን ጊዜ ነው የተናገሩት።

"እኔን የናቀኝ ነበር የመሰለኝ" አሉ። "የገበሬ መበለት ብሎ። አራት ዓመት እንዲያ መስሎኝ ኖርሁ። አቶ ተድላ ናቸው አሁን ለለቅሶ መጥተው የነገሩኝ። 'ሽማግሌዎቼን አዋሽቻለሁ፤ በምን ፊቴ እዚያ ቤት እገባለሁ' ብሎ ቀረ አሉኝ። በግጥም ምክንያት ነው አሉኝ።"

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

ይህን ቃል ያን ጊዜ አገኘሁት፤ ምንም ቤት አልመታም።

"ግጥሙን ንገሩኝ ብል ሁሉም ረሳነው ይላሉ" አሉ። "እያፈሩልኝ። አንተ በለው።"

"እኔም ረስቼዋለሁ እትዬ።"

"ገጣሚ የራሱን አይረሳም። በለው ልጄ።"

አልሁት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ መርዶ እንደሚነገር። እሳቸውም እንደ መርዶ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። ስጨርስ ቀና ሳይሉ ቆዩ፤ የሚቀጥል ነገር የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

"የቀረ አለ?" አሉ።

"የለም፣ እትዬ።"

"ይህን ሁሉ ያደረገችው ሁለት ስንኝ ብቻ ናት?"

"ሁለት ናት።"

ሁለት ጣታቸውን አነሡና አዩዋቸው። "ላማ" አሉ በኦሮምኛ፣ ለራሳቸው። ሁለት።